የመንገድ እቁብ

ልጄ ዳግመኛ ተራራ እንዳልወጣ የፈረደችብኝ ግራ እጄ በጄሶ ታስሮ አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ሾርባ እያጠጣችኝ ነበር። በሰው እጅ እየጠጡ መከራከር አስቸጋሪ ነው፤ አፌን ለመልስ በከፈትኩ ቁጥር ማንኪያው ይገባል።

«በቃ እማዬ፣ ከአሁን በኋላ ጫካ የለም፣ ገደል የለም፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በማለዳ ተነስቶ መጥፋት የለም። መንቀሳቀስ ካማረሽ እዚሁ በረንዳ ላይ ተመላለሺ» አለች።

«በረንዳሽ አንሶላ ማስጫም አይበቃም» አልኳት ሾርባውን ውጬ። ሌላ ማንኪያ መጣ።

በዚያ ክረምት ሁለት ነገር ተደራረበብኝ። እጄ ተሰበረ፤ ተወልጄ ያደግኩበት፣ ልጄንም የወለድኩበት የፒያሳው እሪ በከንቱ ሰፈር ደግሞ ለልማት ተነሳ። ልጄ ከተማው ጫፍ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቷ ወሰደችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። እጄ እስኪድን ገላዬን አጥባኛለች፣ ፀጉሬን ጎንጉናልኛለች፣ ሌሊት ባቃሰትኩ ቁጥር ተነስታ መብራት አብርታለች። ግን ነጋ ጠባ ከአፏ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበረ። «ተቀመጪ እማዬ፣ እኔ አመጣዋለሁ። ተቀመጪ፣ እኔ እከፍታለሁ።» እኔ ዕድሜ ልኬን በእግሬ የኖርኩ ሴት ነኝ። አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ታክሲ የተሳፈርኩት ዝናብ ሲያስገድደኝ ብቻ ነው። ተቀመጪ በተባልኩ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

የፒያሳ ሰው ሲባል ሁሉም የሚያስበው ባንኮኒ ተደግፎ፣ ማኪያቶ እየጠጣ ወሬ የሚሰልቅ ዘናጭ ነው። ይሁን፣ ወሬውንም እንሰልቃለን። ግን ከኛ ሰፈር አንገቱን ቀና ያደረገ ሰው እንጦጦን ያየዋል። ሌላው ሰው ቦርሳ አዝሎ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ መኪና ተከራይቶ «ሃይኪንግ» የሚሄደውን እኛ ጠዋት ወጥተን ለምሳ እንመለሳለን። መንገዱም አንድ አይደለም። በአፍንጮ በር ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ በሽሮ ሜዳ አስፋልቱን ይዞ የሚወጣው አለ፤ ጉልበት ይፈጃል፣ ግን እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው ጉልበቴን ለማለት ያፍራል። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል የሚወጣው ጥላ አለው፣ ውኃም አለው። በቀጨኔ በኩል ደግሞ የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር አልፎ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የእግር መንገድ አለ። አፈሩ ቀይ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ቅርንጫፍ ካልጨበጡ አይወጡትም፤ ላይ ሲደርሱ ግን ከተማው ሁሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይገኛል። እኔ የምወደው እሱን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መውጣት የጀመርነው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ስኳር ተገኝቶበት በእግርህ ሂድ በተባለ ጊዜ ነው። ብቻዬን አልሄድም አለ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ተከተለችው፣ እኔ ተከተልኩ፣ ምስማርና ቁልፍ የሚሸጡት ሐጂ ተከተሉ፣ ሌሎችም ተጨመሩ። ችግሩ መንገድ መምረጥ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ዳገት ይፈራል፤ ልብስ ሰፊዋ ሰው የማይበዛበትን መንገድ አትረግጥም፤ እኔ ቀጨኔ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ። የምንገናኝበት የሰፈራችን ዳቦ ቤት ጋ ቆመን ስንጨቃጨቅ ፀሐይ ትወጣብናለች። ሐጂ ብቻ ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቁናል።

አንድ ቀን ጭቅጭቁ ሲበዛባቸው «እቁብ እናድርገው» አሉ።

ግራ ገብቶን አየናቸው። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በእቁብ የሠሩ ነጋዴ ናቸውና ነገሩን በአጭሩ አስቀመጡት። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣለት ሰው ብር አይቀበልም፣ የዚያን ቅዳሜ መንገድ ይቀበላል። እሱ ወደመረጠው ሁሉም ይሄዳል። ያጉረመረመ የሁሉንም ውኃ ይሸከማል። ዕጣው የደረሰው ሰው ደግሞ የመጨረሻው ሰው እስኪደርሰው ድረስ አይቀርም፤ እቁብ በልቶ መጥፋት በብርም ሆነ በመንገድ ነውርነቱ አንድ ነው። ፀጉር አስተካካዩን ዳኛ አደረግነው፤ ስማችንን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከባዶ የቅባት ጣሳ ውስጥ ያወጣ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ሰላም ወረደ። ለልብስ ሰፊዋ የወጣላት ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ቀጥ አለችና «የኔ መንገድ እዚህ ያበቃል» ብላ የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ውስጥ ገባች። ጥለት ስትመርጥ ረፈደ። ዳኛችን ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፣ ግን ውኃ መሸከሙን ፈርቶ ዋጠው። ለእሱ የወጣ ቀን ደግሞ ወደ ፈረንሳይ ወሰደንና ገና የመጀመሪያውን ሣር እንዳገኘ ተጋደመ። እኛም ተጋደምን።

የኔ ዕጣ የወጣው ሰፈራችን እንደሚነሳ በተነገረን ሰሞን ነው። ቀጨኔን እንደምመርጥ ሁሉም ያውቃል፤ ለምን እንደሆነ ግን በዚያ ቀን አልነገርኳቸውም። ከባሕር ዛፉ በላይ ዛፍ የሌለበት ገላጣ ቦታ አለ፤ ከዚያ ላይ የሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታያሉ። ስንት ጊዜ እዚያ ወጥቼ የራሴን ጣሪያ ለይቼ ለማየት አስቤ አላውቅም። ያለን ነገር ማን ይፈልገዋል? ጣሪያዬን የማውቀው ከውስጥ ነው፣ ዝናብ ሲመታው። ከመፍረሱ በፊት አንድ ጊዜ ከላይ ሆኜ ላየው ፈለግኩ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አፈሩ ሳሙና ሆኖ ነበር። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ጎርፍ የቦረቦረውን ቦይ ስሻገር እግሬ ከዳኝና በእጄ ላይ ወደቅኩ። ሲሰበር ሰማሁት። ደግፈው ወደ ታች አወረዱኝ፤ ጉዞው እዚያው ላይ አበቃ። ጄሶው ሳይፈታልኝ ቤቴ ተነሳ። ዕቃዬን ሌሎች ጠቀለሉት፣ እኔ አንድ እጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ አየሁ።

የእቁቡም ሰው ተበተነ። ሐጂ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ይዛ ሌላ ሰፈር ኪራይ ገባች፤ ዳኛው ፀጉር ቤቱን ወደማላውቀው ቦታ አዛወረ። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ። ጄሶው ሲፈታልኝ፣ ልጄ ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ደረጃውን መውጣትና መውረድ ጀመርኩ። ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ፣ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት። የሕንፃው ሰዎች ቤቱ የጠፋባት አሮጊት መሰልኳቸው። አንዷ ክንዴን ይዛ «የማን እናት ኖት?» አለችኝ። «የራሴ» ብያት ወደ ላይ ቀጠልኩ።

በመስከረም መጨረሻ ዳኛው ደወለ።

«ማዘር፣ ጄሶው ተፈታ?»

«ከተፈታ ሰነበተ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ጋ። የሐጂ ዕጣ ቀርቷል።»

እውነቱን ነው። ከሁላችንም መካከል ያልደረሳቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የመጨረሻው ሰው ዕጣ አይወጣለትም፣ በተራው ይሰጠዋል እንጂ። የሁላችንንም መንገድ አንድ ቀን እንኳ ሳያጉረመርሙ ሄደዋል፤ እኔ ብቀር እቁብ በልታ የጠፋች እባላለሁ። ደግሞም ራሴን አላታልልም፤ ይቺ ቅዳሜ ካለፈችኝ ሌላ ቅዳሜ እንደማይኖረኝ አውቄዋለሁ። በረንዳው ላይ ከተሰጣው አንሶላ ጋር እቀራለሁ።

ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ለልጄ ነገርኳት።

«እቁብ?» አለች። «ብር የሌለበት እቁብ?»

«ብር ቢሆንማ አንቺ ትልኪልኝ ነበር። ይሄ በእግር ነው የሚከፈለው።»

«እማዬ፣ እኔ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» እንባዋ መጣ። «ብትወድቂስ?»

«እነሳለሁ። ደግሞ የሐጂ የመጨረሻው ነው፣ እሱ ሲወጣ እቁቡ ያልቃል።»

«ባትነሺስ?»

ልጄ ፊቴ ቆማ ስታለቅስ እንባዋን በነጠላዬ ጠረግኩላት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተናደድኩባት። ባትነሺስ ብሎ የሚያስብ ሰው ከአልጋውም አይወርድም። «እሄዳለሁ» አልኳትና ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጫማዬ የለም። ልጄ ጫማ ደበቀች! ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትደብቅበትን አውቃለሁ፣ ቁም ሳጥን ላይ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ እንድፈልግ ነው እንግዲህ፤ እዚያ ላይ ብወድቅ ለሷ ይመቻታል! አልፈለግኩም። ጂም እገባለሁ ብላ ገዝታ ከካርቶኑ ያላወጣችውን አዲስ ስኒከር አወጣሁና ሁለት ካልሲ ደርቤ አደረግኩት። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

ዳቦ ቤቱ እንግዲህ የለም፤ ከሰፈሩ ጋር ተነስቷል። ከኛ መካከል ግን ሌላ መገናኛ ያሰበ ሰው አልነበረም። ፒያሳ ከታክሲ ስወርድ ያየሁት ሰፊ መንገድ፣ የተነጠፈ የእግረኛ መሄጃ፣ ሣር፣ የተደረደረ የመብራት ምሰሶ ነው። ያምራል፤ አያምርም ብዬ አልዋሽም። እኔ ግን ቦታውን የማውቀው በእግሬ ስለሆነ እግሬን ተከትዬ ሄድኩና ልክ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆምኩ። ማንም የለም። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ የሚመጣ ጠፋ። በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ።

«ማዘር፣ የት ኖት?» ዳኛው ነው።

«ዳቦ ቤቱ ጋ ነኛ!»

«እኛም እኮ ዳቦ ቤቱ ጋ ነን።»

«እኔ አላያችሁም።»

«እኛም አናይዎትም። እውነት ፒያሳ ኖት ወይስ ልጅዎ አስቀርታዎታለች?»

ይህን ጊዜ ቱግ አልኩ። «ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሜያለሁ አልኩህ!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ሣር መሀል ቆማ ዳቦ ቤት ጋ ነኝ የምትል ሴት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኛው ምሰሶ ጋ፣ ያኛው ወንበር ጋ ይል ነበር። ለኛ ግን የቆመው ነገር አይታየንም፣ የሚታየን የፈረሰው ነው። አበባ የሚያጠጣ ሠራተኛ ቱቦውን ይዞ ቀረበኝ።

«እማማ፣ እዚያ ጋ የቆሙትም ሰዎች ዳቦ ቤት፣ ዳቦ ቤት እያሉ ነው» አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። ዳቦ ቤቱ በአስፋልቱ በኩል በር ነበረው፤ በጓሮ በኩል ደግሞ እኛ የሰፈር ሰዎች በማለዳ ትኩሱን የምንቀበልበት መስኮት። እነሱ በሩ ጋ ቆመዋል፣ እኔ መስኮቱ ጋ። ስንገናኝ ከሰላምታው ክርክሩ ቀደመ።

«ማዘር ደግሞ፣ ሰው ዳቦ ቤት ጋ ሲባል በር ላይ ነው እንጂ ጓሮ ይቆማል? ይሄማ የፋራ ነው!» አለ ዳኛው።

«በበሩ የሚገዛው እንግዳ ነው። እዚህ ሰፈር ያደገ ሰው መስኮቱን ያውቃል!»

ልብስ ሰፊዋ ከኔ ወገነች። ሐጂ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሙንና «በሩም ጋ ቆምን፣ መስኮቱም ጋ ቆምን። ምንም አልቀረብንም፣ እንሂድ» አሉ። ሌሎቹ የእቁቡ ሰዎች ሩቅ ቦታ ቤት ስለገቡ አልመጡም፤ አራት ብቻ ነበርን።

ሐጂ ቀላል መንገድ እንደሚመርጡ ሁላችንም ገምተናል። ዳኛው እንዲያውም ቀድሞ ስለ ወንዝ ዳሩ አዲስ መንገድ ሲያወራላቸው ነበር፤ ሜዳ ነው፣ ማረፊያ ወንበር አለው፣ አሪፍ ነው።

«ቀጨኔ» አሉ ሐጂ።

ደነገጥኩ። ያዘኑልኝ መሰለኝ፤ ሲያዝኑልኝ ደግሞ አልወድም። «ለኔ ብለው ከሆነ ይተዉት ሐጂ። ዕጣው የእርስዎ ነው፣ እርስዎ የሚወዱትን ይምረጡ» አልኳቸው።

«ላንቺ ብዬ አይደለም እህቴ፣ ለእቁቡ ብዬ ነው። መንገድሽን አልጨረስሽውም፣ ግማሹ ላይ ነው የተመለስነው። ግማሹን የተቀበለ ሰው ደርሶታል አይባልም። ስለዚህ ያንቺን ሳንጨርስ የኔ ተራ አይመጣም።»

ዳኛው ጭንቅላቱን አከከ። «የእርስዎስ ታዲያ?»

«ይቆየኛል» አሉና ከዘራቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ። ዳኛው ቀጨኔን ሲሰማ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ግን ውኃው ትዝ አለውና ተከተለ።

የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር አልፈን ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባ አየሩ ቀዘቀዘ። ዝናቡ ካቆመ ቢሰነብትም መሬቱ ገና አልደረቀም። ዳኛው በየዛፉ ሥር ይቆማል፣ ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ሰብስባ ትራገማለች፣ ሐጂ በከዘራቸው እየመቱ ይወጣሉ። እኔ ወደ ቦዩ በቀረብን ቁጥር ወደ ኋላ መቅረት ጀመርኩ። ፈራሁ። ፈርቼ እንደነበር ለልጄ አልነገርኳትም፣ እዚህ ግን ልናገር።

ቦዩ እንዲያውም ሰፍቶ ቆየኝ። ሐጂ ተሻገሩና ከማዶ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። እጃቸውን አልዘረጉልኝም፣ ቀስ በይም አላሉኝም። በዚያ ሰሞን ያላዘነልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ነገር ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። ቆሜ ለመሻገር መኩራራቱን ተውኩት። እንደ ሕፃን ቁጭ ብዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩና በማዶው በኩል የዛፍ ሥር ጨብጬ ወጣሁ። የልጄ ነጭ ስኒከር ቀይ ሆነ። ቀሚሴም እንደዚያው።

ገላጣው ቦታ ስንደርስ ፀሐይዋ በደንብ ወጥታለች። ቁልቁል አየሁ። ረጃጅሙ ሕንፃ፣ አዲሱ መንገድ፣ ብልጭ ብልጭ የሚሉት መኪኖች። ሰፈራችን የነበረበትን በዓይኔ ፈለግኩና አገኘሁት፤ የኔ ጣሪያ ሊሆን የሚገባው ቦታ ባዶ ነበር። እንደማለቅስ አስቤ ነበር የወጣሁት። አላለቀስኩም። እልህ ያዘኝ። ለምን እንደመጣሁ ያን ጊዜ ነገርኳቸው፤ ከመፍረሱ በፊት ጣሪያዬን ለማየት ፈልጌ እንደነበር።

«ረፍዶብኝ ደረስኩ» አልኩ።

«ደረስሽ አይደል?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ እሷም የራሷን ቦታ መፈለግ ጀመረች። ዳኛው ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘርሮ ፀጉር ቤቱ የት ጋ እንደነበረ ተኝቶ እንደሚያውቀው ነገረን። ሐጂ ግን ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩ፤ ሱቃቸው የነበረበትን ያግኙት አያግኙት አልጠየቅኳቸውም።

ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፤ ከታክሲው ጀምሮ ስትደውል ነበር፣ ያነሳሁላት አሁን ነው።

«እማዬ! የት ነሽ?»

«ላይ ነኝ። ቀጨኔ።»

«የወደቅሽበት?»

«አልፌዋለሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ብወድቅም ተነስቼ እነግርሽ ነበር።»

«እሺ፣ እንኳን ደህና ወጣሽ። በቃ እንግዲህ የመጨረሻው ነው ብለሽኛል። እቁባችሁ አለቀ።»

ሐጂን አየኋቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋድመው የጫማቸውን ጭቃ በቅጠል ይጠርጋሉ። ይቆየኛል ያሉት ነገር ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ፤ እኚህ ሰውዬ ዕጣቸውን ያልተቀበሉት እቁቡ እንዳያልቅ ነው።

«አላለቀም» አልኳት። «የዛሬው የኔ ነበር። የሐጂ ገና ነው።»

«እሱስ ከወጣ በኋላ?»

«የቀሩትን ሰዎች ከየገቡበት እናወጣቸዋለን። ከመካከላቸው እንደኔ መንገዱን ያልጨረሰ ሰው አይጠፋም።»